ከላንድሮቨሯ ሥር የረጋው ቀይ በረዶ

የአጎቴን የጋሼ ማዕረግን ገዳይ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ኢንስፔክተር ወለተኪዳን ብልህ ናት ይላሉ፤ ይበሉ። በከተማችን በቀየት ግን ከእኔ ዓይን የሚያመልጥ ነገር የለም። የማን በግ ከማን ቡቃያ እንደገባ፣ ማን አዲስ ጫማ እንደገዛ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ጠይቁኝ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ግቢያችን በውርጭ ነጥቶ ነበር። ጩኸት ሰምቼ ስወጣ የጋሼ ማዕረግ አሮጌ ላንድሮቨር ከቆመችበት ተዳፋት ወርዳ አፍንጫዋን ከድንጋይ አጥሩ ጋር አጋጥማለች። ጋሼ ማዕረግ በመኪናዋና በአጥሩ መሀል ነበር። ማንቆርቆሪያው እግሩ ሥር ተደፍቷል። አባቴ አቶ ተገኘ የፈረሱን ልጓም እንደያዘ አጠገቡ ቆሟል፤ የጮኸውም እሱ ነው።

ፖሊሶች መጡና አባቴን ያዙት። ምክንያት አላጡም። መኪናዋን አያቴ ሲሞት ለታናሽ ልጁ ለጋሼ ማዕረግ ነበር ያወረሰው። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ በአንድ ግቢ እየኖሩ ሰላም የሚባባሉት ለወግ ያህል ነበር።

ነገሩን ያባሰው ደግሞ ሞተሩ ነው። የጥንቱ ሲያረጅ ጋሼ ማዕረግ ከጭነት መኪና የወጣ ትልቅ ሞተር ገዛና ባስልዮስ የሚባል የዓለም ከተማ መካኒክ ገጠመለት። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ግን ትንሹ ሞተር ነው። ስለዚህ በአዲሱ ለማስመዝገብ ባለሙያ መጥቶ የሞተሩን ቁጥር ማየት፣ ፍሬኗም ያን ሁሉ ጉልበት መቻሉን መፈተን ነበረበት። ካለፈች አዲስ ታርጋ ታገኝና ጓሳ ጥብቅ ሥፍራን ለማየት የሚሄዱ እንግዶችን ትጭናለች። ባለሙያው የሚመጣው በዚያው ቀን ነበር። የቀየት ሰው በቅናት አርሯል። እኔም አርሬያለሁ፤ የእኛ መሆን ስትችል የእነሱ ሆነች።

ኢንስፔክተር ወለተኪዳን ከደብረ ብርሃን ስትደርስ አባቴን ሊወስዱት ተዘጋጅተው ነበር። የሚያሳፍሩበት የሾፌሩ የአብነት ሚኒባስ በራችን ላይ ቆሟል፤ ከተማው ውስጥ ከእሱ ሌላ የሚከራይ መኪና የለም። አባቴ ከሄደ መቼ እንደሚመለስ የሚነግረን አልነበረም።

«ገዳይዋ ጌታነሽ ናት» አልኳት፣ ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ።

«ለምን?»

«ጌታነሽ ስለሆነች።»

ጌታነሽ የጋሼ ማዕረግ ሚስት ናት። ሹራቧ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ አብነትም ሚኒባሱ ላይ ሁልጊዜ ጋቢና የሚያስቀምጠው እሷን ነው። እኔ ከኋላ ከበጎቹ ጋር ነኝ። ይህንን ግን ለፖሊስ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

ኢንስፔክተሯ መጀመሪያ ጌታነሽን አነጋገረች። ጌታነሽ እያለቀሰች የጋሼ ማዕረግን አመል ዘረዘረችላት። ብርዱ እንዳይሰነጥቀው ማታ ማታ የራዲያተሩን ውሃ ያፈሳል፤ ጠዋት ሙቅ ውሃ ይሞላል። ትልቁ ሞተር ራዲያተሩን ወደ ፊት ስለገፋው ውሃ የሚሞላው ከመኪናዋ ፊት ቆሞ ነው። ማርሹ ከአዲሱ ሞተር ጋር ስላልተስማማ ቢገባም ወዲያው ይወጣል። ስለዚህ መኪናዋን የሚይዛት ጎማዋ ሥር የሚደረግ ድንጋይ ብቻ ነበር።

«በመኪናዋ ትቀኚ ነበር?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«እኔ ብርድ ሲመታኝ እሷን የሱፍ ባና የሚያለብስ ሰው ነበር» አለች ጌታነሽ። «ቀንቻለሁ። መኪና መግፋት ግን ሌላ ነገር ነው።»

ቀጥሎ መካኒኩ ባስልዮስ መጣ። ሞተሩን የገጠመው እሱ ሆኖ ሳለ ጋሼ ማዕረግ በየቦታው «ራሴ ገጠምኩት» ማለቱ እንደከነከነው አልደበቀም። ትናንት መኪናዋን ለፍተሻው ሲያሰናዳ እንደዋለ፣ መኪና ሲያቆም የእጅ ፍሬን የመያዝ ልማድ እንዳለው፣ ለዚህም በጋሼ ማዕረግ በሰው ፊት ብዙ ጊዜ እንደተሰደበ ነገራት። «በእኛ ሞቃት አገር ፍሬን ማታ ይያዛል፣ ጠዋት ይለቀቃል። እዚህ በረዶ ይይዘዋል ቢሉኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር» አለ።

አብነት ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ሰው ጭኖ መሐል ሜዳ ከተማ መሄዱን ሳይጠየቅ ተናገረ። ትናንት ማታ ብቻ ጎራ ብሎ ለጋሼ ማዕረግ ለምዝገባው መልካም ዕድል እንደተመኘለት ጨመረ። እውነት ለመናገር፣ እኔ ለእሱ አዘንኩለት።

ከዚያ ኢንስፔክተሯ መኪናዋ አድራበት ከነበረው ስፍራ ተንበረከከች። ሣሩ ላይ ቀላ ያለ ነገር ደርቋል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የጋሼ ማዕረግ ደም ነው» አልኩ። «ጠዋት እኮ ረግቶ ቀይ በረዶ ሆኖ ነበር። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

«ሬሳው የት ነበር?»

«እታች፣ አጥሩ ጋ።»

«ደም ሽቅብ ይፈሳል?»

ዓይኔን ከአጥሩ ወደ ሣሩ ሽቅብ ወሰድኩ።

«የጎማውን ድንጋይስ አይተሽዋል?»

«እዚያ ዳር ተጥሎ ነበር። ከላዩ ውርጭ ለብሶ ነበር።»

ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። ሁላችንንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበችን፤ አባቴንም ከሚኒባሱ አስወረደችው።

«ድንጋዩ የተነሳው ዛሬ ጠዋት አይደለም» አለች። «ጎማ ሥር ተከልሎ ያደረ ድንጋይ አናቱ አይነጣም። ውርጭ የለበሰው ማታውኑ ተነስቶ ሜዳ ላይ ስላደረ ነው። አቶ ተገኘ፣ እርስዎ ማታ የት ነበሩ?»

«ጓሳ፣ ሣር አጨዳ ላይ» አለ አባቴ። «ከጠባቂዎቹ ጋር ነው ያደርኩት። ስመለስ ነው ያገኘሁት።»

ጠባቂዎቹን ቀድማ በስልክ እንደጠየቀችና እውነት መሆኑን እንዳረጋገጠች ነገረችን። ከዚያ ድንጋይ የሌላት መኪና ሌሊቱን እንዴት እንደቆመች ጠየቀች። ሁላችንም ባስልዮስን አየነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አዎ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ ነበር» አለች። «እሱን እንድታዩትም ታስቦበታል። ፍሬኑን የያዘው ሰው ግን ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ውሃ ደፍቶበታል፤ እንደሚረጋ ያውቃል። ባስልዮስ የብርዱን ነገር አላመነም። ጌታነሽም ብትሆን እንዲህ ያለ ውሃ የላትም፤ ወደሱ እመጣለሁ። ማዕረግ ጠዋት ሲነሳ ፍሬኑ ተይዞ አገኘ። ባስልዮስን እየረገመ ለቀቀው። መኪናዋ ስላልተንቀሳቀሰች ድንጋዩ ያለ መሰለው። የያዛት ግን ፍሬኑ ላይ የረጋው በረዶ ብቻ ነበር። ከፊቷ ቆሞ ከባዱን የሞተር ክዳን ሲከፍት ነቀነቃት፤ ፀሐይም ወጣች። በረዶው ለቀቀ።»

ጌታነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

«ውሃው ቀይ ነበር» ቀጠለች ኢንስፔክተሯ። «ጌታነሽ የምትቀዳው የምንጭ ውሃ ነው። የላንድሮቨሯ ራዲያተር አዲስ ነው። ቀይ ውሃ ከዛገ ራዲያተር ይወጣል። ማታ ማታ ራዲያተሩን የሚያፈስ ሌላ ባለመኪና ማነው?»

መልስ ሳትጠብቅ ነጭ ሳህን አስመጣችና አብነትን የሚኒባሱን ራዲያተር እንዲከፍት አዘዘችው። አብነት ወደ ኋላ ሲል ፖሊሱ ከፈተው። ሳህኑ ላይ የጡብ ዱቄት የተበጠበጠበት የሚመስል ውሃ ወረደ።

አብነት ሳህኑን አይቶ አይቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«የቀየትን ሰው በጭቃ በዝናብ ያመላለስኩት እኔ ነኝ» አለ። «አንድም ቀን ያጨበጨበልኝ የለም። ያቺ ቆርቆሮ ሞተሯ ሲነሳ ግን አጨበጨቡ። ታርጋ ካገኘች እኔን ማን ዞር ብሎ ያየኛል?»

ፖሊሱ ካቴናውን ከአባቴ እጅ ፈትቶ አብነትን አሰረበት። አባቴ ወደ አጥሩ ሄደና ወንድሙ የሞተበት ድንጋይ ላይ መዳፉን አሳረፈ። እዚያው ቆሞ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ዓይኔን አዞርኩ።

ሰው ሲበተን እኔ ላንድሮቨሯ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ኢንስፔክተሯ ወደ እኔ ስትመጣ ምስጋና መስሎኝ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«ቀዩን በረዶም ድንጋዩንም ያየሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «ያለ እኔ አታገኙትም ነበር።»

«አንቺን ብሰማ ኖሮ ጌታነሽን አስሬ፣ አብነትን ሾፌር አድርጌ እሄድ ነበር» አለች። «አሁን ከመኪናዋ ላይ ውረጂ፤ ማስረጃ ናት።»