በቁርስ ሰዓት የጠፋው ስኩተር

ረቡዕ ጠዋት የስቱኪ ቤተሰብ ከሆቴሉ ምግብ አዳራሽ ቁርሱን በልቶ ሲወጣ ስኩተሩ የለም።

ከአንድ ሰዓት በፊት ነበረ። ሃርላን ስቱኪ በገዛ እጃቸው አጥፍተው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው፣ ሎቢው ውስጥ ካለው የሻንጣ ተረካቢው ጠረጴዛ አጠገብ አቁመውት ነው ወደ ምግብ አዳራሹ የገቡት። ተቀምጠውበት በባትሪ የሚነዱት ነው፤ ቀይ፣ ባለአራት ጎማ፣ ፊት ለፊቱ የሽቦ ቅርጫት ያለው። መሪው ላይ ሚስታቸው ቢጫ የሱፍ ክር አስረውበታል። አሁን ቦታው ባዶ ነው።

ኦዴል ክሪብስ ሲደወልለት ብዙም አልደነገጠም። ሃያ ስድስት ዓመት የፖሊስ መርማሪ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ቤት መቀመጥ አልሆንልህ ብሎት፣ በፍሎሪዳ መዝናኛ ፓርኮች ዙሪያ መራመድ ለሚያዳግታቸው እንግዶች ስኩተር የሚያከራይ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ገባ። ሥራው የጠፋ ስኩተር መፈለግ ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ስኩተር አይሰረቅም፤ ይቀያየራል እንጂ። የአንዱ ቁልፍ ሌላውን ያስነሳል፤ ፋብሪካው እንዲያ አድርጎ ነው የሚሠራቸው። ከአንዱ ጨዋታ የወጣ ሽማግሌ በር ላይ ከተደረደሩት ሠላሳ ስኩተሮች አንዱ ላይ ይቀመጥና ቁልፉን ይሰካል፤ ይነሳለታል፤ ይሄዳል። ሰው ሁሉ መሪው ላይ ሪባን ወይም መሀረብ የሚያስረውም ለዚህ ነው።

ኦዴል ሎቢውን ዞረው። ውጭ ወጣ፤ ማቆሚያውን አየ፤ ተመለሰ። ያኔ ነው ፊቱ የተለወጠው። አንዱ በስህተት ከተወሰደ ሌላው መቅረት አለበት። እዚህ የቀረ ስኩተር የለም።

የሽማግሌው ልጅ ጆዲ ልጆቿን ከባሏ ጋር ወደ ፓርኩ ልካ፣ እጇን አጣጥፋ ትጠብቀዋለች። ተቆጥታለች። አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው፤ ከኦሃዮ ወጥተው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር እዚህ ለመምጣት ሁለት ዓመት ጠብቀዋል፤ ያለ ስኩተር ከመቶ ሜትር በላይ አይሄዱም፤ ገና ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። አባትየው፣ ቁመተ ሎጋ ሽማግሌ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ቁልፍ ይዳብሳሉ። እናትየው ሚስስ አርሊን ስቱኪ ደግሞ አጭር፣ ቀጭን ሴት ናቸው። የሹራብ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አንድ እጃቸውን የባላቸው ክንድ ላይ ጥለዋል።

“ሌላ እናመጣላችኋለን፤ ነገ ጠዋት ይደርሳል” አለ ኦዴል።

“አያስፈልግም፤ ቀስ እያልን በእግራችን እንሄዳለን” አሉ ሚስስ ስቱኪ።

ጆዲ እናቷን በግርምት አየቻቸው። ኦዴል ግን አሮጊቷ ሰው ላለማስቸገር ብለው ነው ብሎ አለፈው።

የሻንጣ ተረካቢው ሩፊኖ ማቶስ ይባላል። የስድሳ አንድ ዓመት ሰው ነው፤ እዚያ ሆቴል ሃያ ሁለት ዓመት ሻንጣ ተሸክሟል። ጡረታ ለመውጣት አሥራ አንድ ወር ቀርቶታል። እንግዳ ቁርስ ሲገባ ስኩተሩን የሚጠብቀው እሱ ነው። ወደ ማናጀሩ ወደ ሚስተር ፕሩዊት ቢሮ ተጠርቶ ሲመጣ በሩ አጠገብ ቆመ። ተቀመጥ ያለው የለም።

“ከጠረጴዛህ ተነስተህ ነበር?” አለው ኦዴል።

“አልተነሳሁም።”

“አንዴም?”

“አንዴም፣ ጌታዬ።”

“እንግዳ ተቀባይዋ ግን ሃያ ደቂቃ አልነበረም ትላለች።”

ሩፊኖ ክብደቱን ወደ ግራ እግሩ አዞረ።

“አንድ ስኩተር በአጠገብህ ሲወጣ አላየህም፤ አንተም ከቦታህ አልተነሳህም። ታዲያ መሬት ዋጠችው?”

ሩፊኖ ማናጀሩን አየ፤ ከዚያ ኦዴልን አየ፤ እንደገና ማናጀሩን አየ። ኦዴል ይህን ዓይን ያውቀዋል፤ ወይም የሚያውቀው መሰለው። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ስንቱ ሌባ በዚህ ዓይን ሲያየው ኖሯል። ስለዚህ ጫን አለ።

“ለማን ሰጠኸው?”

“በድንግል ማርያም፣ ለማንም አልሰጠሁም።”

“እሺ የት ነበርክ?”

“ጉልበቴ ነው” አለ ሩፊኖ፣ ወለሉን እያየ። “ጠዋት ጠዋት ይቆልፈኛል። ፎጣ ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ። እስኪለቀኝ ድረስ።”

ሚስተር ፕሩዊት ቀና አሉ። “ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚሆነው?”

“ሁለት ዓመት ሆነው።”

ኦዴል አላመነውም። አንዴ የዋሸ ሰው ሁለተኛውን ውሸት ሲያሳምር ብዙ አይቷል፤ ይህንንም በግልጽ ተናገረው። ሚስተር ፕሩዊትም ሩፊኖ የስም ባጁን ፈትቶ ነገሩ እስኪጣራ ቤቱ እንዲቆይ አዘዙ። ሰውየው ባጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሲወጣ በጣም እየተጠነቀቀ፣ እንዳያነክስ እየታገለ ነበር። ኦዴል ይህን አየ። አይቶም ከቁም ነገር አልጣፈውም።

ከሰዓት በኋላ በዙሪያው ያሉትን ሆቴሎች መዞር ጀመረ። ሩቅ አልሄደም። አጥር ለአጥር የሚጎራበተው ሆቴል ውስጥ፣ ኪራያቸው ያለቀ ስኩተሮች የአከራዩ ሹፌር መጥቶ እስኪወስዳቸው በሚቆሙበት ጥግ፣ ከአምስት ስኩተሮች መካከል የስቱኪዎች ቀይ ስኩተር ስድስተኛ ሆኖ ተሰልፏል። በዚህ ሥራ ስኩተር የሚያስረክብን አዛውንት ስምህ ማነው፣ ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ አመሰግናለሁ ይባላል፣ ጥግ ይቆማል። ስኩተር የሚደበቅበት ከዚህ የተሻለ ቦታ በከተማው የለም።

ኦዴል አጠገቡ ቁጢጥ አለ። መቀመጫው ወደ መሪው እስከ መጨረሻው ተስቧል። የሃርላን ስቱኪ እግር እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ሩፊኖም ቢሆን ረጅም ሰው ነው። ቅርጫቱ ውስጥ ቻርጀሩ አለ። ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሎ፣ በቢጫ የሱፍ ክር ታስሯል።

እዚያው እንደተቀመጠ ቀረ። ቻርጀሩ ሌሊቱን የሚያድረው የስቱኪዎች መኝታ ክፍል ውስጥ ነው። ከሎቢ ስኩተር የሚሰርቅ ሌባ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ቻርጀር አያመጣም። አምጥቶም ጠቅልሎ አያስርም።

የዚያ ሆቴል የጠረጴዛ ሠራተኛ ደህና አድርጎ አስታወሰ። ጠዋት አንዲት አጭር አሮጊት ይዘውት እንደመጡ፣ እንዳመሰገኑት፣ በእግራቸው እንደወጡ ነገረው። ኦዴል ያን ጊዜ ለጆዲ ደውሎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት። እናቷ ቁርስ መሀል የአባቷን ኪኒን ለማምጣት ተነስተው እንደነበር፣ ሊፍቱ አስቸግሯቸው ቆይተው እንደተመለሱ አወራችው።

ሚስስ ስቱኪን መዋኛው ዳር፣ ጥላ ሥር አገኛቸው። ባልየው ክፍል ውስጥ ተኝተዋል፤ ጆዲ አጠገባቸው ናት። አሮጊቷ ሹራብ ይሠራሉ። ኦዴል ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

“ስኩተሩን አግኝቼዋለሁ፣ ሚስስ ስቱኪ። ቻርጀሩንም።”

እጃቸው ቆመ። ብዙ አልካዱም፤ ጨርሶ አልካዱም ማለት ይቻላል።

“የሰው ዕቃ ነው” አሉ። “ቻርጀሩ ከጠፋ የሚቀጥለው ሰው በምን ይሞላዋል ብዬ ነው። ለሌብነትም ሙያ ያስፈልጋል ለካ።”

“ለምንድነው ያደረጉት?”

አሮጊቷ ከሹራብ ቦርሳቸው ትርፉን ቁልፍ አውጥተው ሰጡትና ወደ ውሃው እያዩ ነገሩት። ማክሰኞ ዕለት፣ ጆዲ ልጆቹን ይዛ ሌላ በኩል ሳለች፣ ሃርላን ስኩተሩን አስነስተው ከአጠገባቸው ጠፉ። እሳቸው በእግር አይደርሱባቸውም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈልገው፣ መጨረሻ ላይ ፓርኩ መውጫ፣ አስፋልቱ ዳር አገኟቸው። የት እየሄድክ ነው ቢሏቸው፣ ልጆቹ አውቶቡስ እየጠበቁ ነው፣ ረፈደብኝ አሉ። አውቶቡስ መንዳት ካቆሙ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው። ኦሃዮ እያሉም እንዲህ ያለ ነገር ነበረ፤ ያኔ ግን ትንሽ ነበረ።

“ታዲያ ለድርጅቱ ውሰዱልን ቢሉን እንወስደው አልነበረም?”

“ጆዲ ለምን ትላለቻ። ለምን ካለች ታውቃለች። ካወቀች ደግሞ መጦሪያ ቤት ታስገባዋለች፤ ክፉ ሆና አይደለም፣ ፈርታ። ሃምሳ ሦስት ዓመት አንድ ቤት ኖረናል።” የሹራቡን ክር ጣታቸው ላይ ጠቀለሉ። “ያ ባለጎማ ወንበር ላይ ሲሆን ይሄድብኛል። በእግሩ ሲሆን ግን ክንዴን ይይዛል። ከያዘኝ አይጠፋም።”

ኦዴል ወንበሩን ትንሽ አስጠጋ። የእሱም ሚስት ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፤ ክንድ መያዝ ምን እንደሆነ ያውቃል።

“አንድ ሰው በዚህ ነገር ከሥራው ታግዷል” አለ በመጨረሻ። “ሻንጣ ተረካቢው።”

አሮጊቷ ይህን አልሰሙም ነበር። ሹራባቸው ከጭናቸው ወደቀ።

“ያ ደጉ ሰውዬ? በእኔ?” አሉ። “ሌባ ሰረቀ ይባላል፣ በዚያው ይረሳል ብዬ ነበር እኮ።” ወዲያው ተነሱ። “ማናጀሩ የት ነው ያለው? ውሰደኝ።”

ማናጀሩ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ተሰበሰቡ። ጆዲ ምን እንደተፈጠረ አልገባትም፤ አባቷን ደግፋ ይዛለች። ሚስስ ስቱኪ ተናገሩ። ለምን ሲባሉ ግን ባላቸውን ቀና ብለው አዩ። ስኩተሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም የለበትም ከማለት አላለፉም።

“እማዬ፣ ለምን? ምን ሆነሽ ነው?” ጆዲ ደጋግማ ጠየቀች።

ያን ጊዜ ሃርላን ስቱኪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“አርሊን አትሰርቅም” አሉ። “እኔ ሳልሆን አልቀርም። የሆነ ቦታ አቁሜው ረስቼው ይሆናል። ሰሞኑን እረሳለሁ። ከሰሞኑም በፊት ጀምሮኛል፤ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር፣ ባለፈው መስከረም። እንዳትፈራ ብዬ ደበቅኳት።”

ሚስታቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሁለት አዛውንቶች፣ አንዱ ከሌላው አንድ ዓይነት ነገር ደብቀው፣ አንድ አልጋ ላይ ለብቻ ለብቻ ሲጨነቁ ከርመዋል። ጆዲ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የአባቷን ጉልበት አቅፋ አለቀሰች። መጦሪያ ቤት የሚለውን ቃል ግን በዚያ ቀን ማንም አላነሳውም።

እነሱ ሲወጡ ኦዴል ወደ ማናጀሩ ዞረ። ባጁ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ነው።

“ሰውየው ንጹሕ ነው። ነገ ይመለሳል አይደል?”

“ስርቆቱን በተመለከተማ ንጹሕ ነው” አሉ ሚስተር ፕሩዊት፣ ከልብ ያዘነ በሚመስል ድምፅ። “ግን ጉልበቱን ሰማኸው። ከዛሬ ወዲያ ሻንጣ እያሸከምኩት ቢወድቅ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ባልሰማ ኖሮ እሺ። ሰማሁ እኮ። የሚቀመጥበት ሌላ ሥራ ደግሞ የለኝም።”

ኦዴል ተከራከረ። ሃያ ሁለት ዓመቱን አነሳ፤ አሥራ አንድ ወሩን አነሳ፤ ጥፋተኛው እኔ ነኝ አለ። ማናጀሩ እየሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ኦዴል ደግሞ ወለም ያስባለው የራሱን አፍ አልነበረም፤ የሌላውን ሰው አፍ ነው።

ሳይመሽ ሩፊኖ ቤት ደረሰ። ተጎታች ቤቶች ከተሰለፉበት ሰፈር ነው። ሩፊኖ በረንዳው ላይ ቀኝ እግሩን ሳጥን ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ኦዴልን ሲያይ እግሩን ለማውረድ ፈጠን አለ፤ ከዚያ ምን ዋጋ አለው እንደማለት መልሶ ዘረጋው። ማናጀሩ ቀድመው ደውለውለታል። ሁሉንም ሰምቷል።

ኦዴል በቁሙ ይቅርታ ጠየቀ። ለሆቴሎች ሁሉ ደብዳቤ እንደሚጽፍ፣ የሚያውቀው ጠበቃ እንዳለ፣ ነገሩን እንደማይተወው ተናገረ። ሩፊኖ ሰማው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ለኦዴል ይሻለው ነበር።

“ሴትዮዋ ምን ሆኑ?” አለ ሩፊኖ።

“ወደ ኦሃዮ ይመለሳሉ። ልጃቸው አልተቆጣችም። እርስዎን ይቅርታ ጠይቅልኝ ብለዋል።”

“እሳቸውንስ የት ነው የጠየቋቸው? እዚያው ቢሮ?”

“አይ” አለ ኦዴል። “መዋኛው ዳር። ብቻቸውን።”

ሩፊኖ ጉልበቱን በመዳፉ አሸ።

“እኔንም እንደዚያ ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግርዎት ነበር” አለ።