ወደ ውስጥ የዞረ ቋጠሮ

በዚያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እግር ይሠራ ነበር። መሳቅ ካማራችሁ ሳቁ፤ እነሱም ይስቁ ነበር። ባልየው በሆስፒታሉ ግቢ ጥግ ባለች የቆርቆሮ ወርክሾፕ ውስጥ እግራቸውን ላጡ ሰዎች ሰው ሠራሽ እግር ይሠራል፤ በጀሶ ይለካል፣ እንጨት ይጠርባል፣ ይሞርዳል። ሚስትየው ደግሞ እቤቷ፣ መስኮት ሥር ባስቀመጠቻት የስፌት መኪና፣ እግሩን ከወገብ ጋር የሚይዘውን የቆዳ ማሰሪያ ትሰፋለች። የሷ እጅ ያልነካው እግር ከዚያ ወርክሾፕ ወጥቶ አያውቅም። ሰዉ ባልየውን «ጋሽ ቁም» ይለዋል። አዲሱን እግር አስሮ ሲጨርስ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይልና «በል ቁም!» ብሎ ስለሚጮህ ነው። የፈራውም የተጠራጠረውም በዚያች ቃል ብድግ ይላል። «አገሩን ሁሉ ቁም ስትል እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ ቁሚ ብለኸኝ አታውቅም፤ ዕድሜዬን ተቀምጬ ጨረስኩት» እያለች ትቀልድበት ነበር።

አንድ ልጅ ነበራቸው... አንድ! አባቱን በቁመት ያለፈ፣ እናቱን ከበስተኋላዋ አቅፎ ብድግ እያደረገ የሚያስጮኻት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ። አንድ ጠዋት መንገድ ዳር ቆሞ አውቶብስ ሲጠብቅ፣ ሲነዳ ያደረ የጭነት መኪና ሹፌር መሪው ላይ እንቅልፍ ጣለው። መኪናው ከአስፋልቱ ወጣ። ልጁ እዚያው ቀረ። የሹፌሩም ቀኝ እግር ከተጨማደደው ብረት ውስጥ ሳይወጣ ቀረ። ሹፌሩ ተፈርዶበት ታሰረ፤ እናት ደግሞ የልጇን አልጋ አንጥፋ፣ ማንም እንዳይቀመጥበት እየጠበቀች ሦስት ዓመት ኖረች። ባልና ሚስቱ እሁድ እሁድ ጎን ለጎን ቆመው ይጸልያሉ። እሷ ስለ ልጇ ነፍስ ትለምናለች። እሱ ስለ ምን እንደሚለምን ግን አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ባልየው ሥራው ሳያልቅ ወደ ቤት መጣ። ሌላ ጊዜ የወገብ ልክ የተጻፈባትን ወረቀት ገና ከበሩ ሲገባ የስፌት መኪናዋ ላይ ጣል ያደርግላታል። ያን ቀን ወረቀቷን በእጁ ጨብጦ ቆመ።

«ተፈትቷል» አላት። ማን እንደሆነ አልጠየቀችም። «በሁለት ክራንች መጣ። እኔ ማን እንደሆንኩ አላወቀም ነበር። ስነግረው ደንግጦ ልሂድ ብሎ ሲነሳ ወደቀ። አነሳሁት... ከዚያ ለካሁት።»

«የቱን እግር?»

«ቀኙን።»

«ነዳጅ የረገጠበትን!» ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ልጄን የጨረሰበትን እግር ነው መልሰህ የምትተክልለት? አንተ አባት አይደለህም? አንጀት የለህም?»

«እኔም ሌላ ሰው ይሥራለት ብዬ ነበር፤ ሌላ ሰው ግን የለም» አላት። «ጌታን እከተላለሁ ያልኩት መንገዱ ሲደላደል ብቻ ነበር እንዴ? ይህን መስቀል ከልጅነቴ ጀምሮ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ፤ ከብዶኝ አያውቅም። ዛሬ ግን ከበደኝ።»

«እንግዲያው ብቻህን ተሸከመው!» አለችና የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነቻት።

ከዚያች ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ አልተሰማም። ወንድሟ መጥቶ «የልጅህን ደም ረሳህ!» ብሎ በሩን በላዩ ላይ ወርውሮበት ሄደ። ረስቶ ነበር? ያንን እንጨት ሲጠርብ እንባው ሰጋቱራውን ሲያረጥበው ማን አየለት! በዚያ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት የተነፈሰው የጀሶ ብናኝ ደረቱን ይዞት ኖሮ ሳሉ ጠናበት። ሐኪሙ ሳንባው እንዳበቃለት ሲነግረው፣ «የጀመርኩት አንድ እግር አለ፣ እሱን ልጨርስ» ብሎ ብቻ ወጣ። ሚስቱ ይህን ከጎረቤት ሰማች። ያም ሆኖ ከመኪናዋ ላይ ጨርቁን አላነሳችም።

ስለዚህ ማሰሪያውን ራሱ ሊሰፋ ተቀመጠ። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ቆዳውን ዘርግቶ በወስፌ ይበሳል፣ ጣቱን ይወጋል፣ ይጠባል፣ እንደገና ይጀምራል። እሷ ሰሃን ይዛ በአጠገቡ ስታልፍ ዓይኗን ጣል አደረገች። ማሰሪያ ሲሰፋ የክሩ ቋጠሮ ወደ ውጭ ነው የሚሆነው፤ ወደ ውስጥ ከዞረ ሰውየው በተራመደ ቁጥር ሥጋውን እየፈገፈገ ይበላዋል። ይህን እሷ በእንቅልፍ ልቧም ታውቀዋለች። እሱ ግን ሰፍቶ የማያውቅ ሰው፣ ለዓይን እንዲያምርለት ብሎ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ደብቋቸዋል። አየች። አወቀች። ዝም ብላ አለፈች። ይብላው! አለች በልቧ።

እግሩ አለቀ፤ ሹፌሩም ታሰረለትና ቆመ። ባልየው ግን ከዚያ ሳምንት በኋላ ከአልጋ አልተነሳም። ያን ጊዜ ኩርፊያዋ ሁሉ እንደ ጉም በነነ፤ ራሱን ደግፋ ውሃ ታጠጣዋለች፣ ላቡን ትጠርግለታለች፣ ጀሶ የበላቸውን ጣቶቹን እየሳመች ታለቅሳለች። የመጨረሻዋ ቀን ጠዋት እጇን ያዛት።

«ያቺ ማሰሪያ... ስታያት አይቼሻለሁ» አላት ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ስፌቷ ልክ ነው?»

ምን ትበለው? አሁን እውነቱን ሰምቶ በምን አቅሙ ያስተካክለው? ውሸቱንስ ይዞ እንዴት ይሂድ?

«ልክ ነው» አለችው።

ፊቱ በራ። «ካንቺ እያየሁ ነው እኮ የተማርኩት!» አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም... ቀትር ላይ እጁ እጇ ውስጥ እንዳለ ቀዘቀዘ።

በቀብሩ ዕለት ከሰዉ ሁሉ ኋላ፣ ክራንቹን የጣለ አንድ ሰው ይራመድ ነበር። ዞራ ባታየውም እርምጃው ተሰማት። አንድ ይራመዳል፣ ትንሽ ይይዘዋል፤ ደግሞ አንድ ይራመዳል። ምን እንደያዘው ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መካከል የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ አንድ ቀን ሹፌሩ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ለመግባት አልደፈረም። ዓይኗ ወገቡ ላይ አረፈ፤ ሸሚዙ ላይ የደረቀ ደም ነበር።

«ለምን ያመኛል ብለህ አልተናገርክም?»

ሹፌሩ አቀረቀረ። «ጋሼ ሲያስሩልኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እትዬ። እንደዚያ ሆነው ቁም ሲሉኝ በምን አፌ አመመኝ ልበላቸው? ደግሞም... ሲያመኝ ልጅዎ ትዝ ይለኛል። ያንሰኝ እንደሆነ እንጂ አይበዛብኝም።»

የበሩን መቃን ያዘች። «አውቄ ነው» አለችው። «ባሌ ስፌቱን ሲሳሳት አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ። አውቄ ነው ያቆሰልኩህ... ይቅር በለኝ።»

«እኔ? እኔ እርስዎን ይቅር ልበል?» አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

«ግባ» አለችው። «ማሰሪያውን ፍታና ስጠኝ። እዚያ ተቀመጥ።» ያመለከተችው የልጇን አልጋ መሆኑን ያወቀችው ከተቀመጠበት በኋላ ነው። ተነስ አላለችውም።

ከስፌት መኪናዋ ላይ ጨርቁን አነሳች፤ ከዚያ መተርተር ጀመረች። አቤት ያ ጠማማ ስፌት! እዚህ ተንጋዶ፣ እዚያ ሁለት ጊዜ ተደራርቦ፣ ጣቱን የወጋበት ቦታ ላይ ጠብ ያለች ደም ጠቁራ ደርቃ... የባሏ የመጨረሻ የእጅ ሥራ ይህ ነበር። አንድ ክር በመዘዘች ቁጥር ሁለተኛ የቀበረችው መሰላት። ማን ይችለዋል? ቻለችው። ከዘለበቱ ሥር፣ ሥጋ የማይነካው ቦታ ላይ ያለችውን አንዲት ስፌት ብቻ እጇ እምቢ አለና ተወቻት። ሌላውን ሁሉ እንደ አዲስ ሰፋችው፤ ቋጠሮውንም ወደ ውጭ መለሰችው።

ቁስሉን አጥባ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነችለት። በጉልበቷ ተንበርክካ እግሩን አሰረችለት፤ ያንን ቀኝ እግር! ከዚያ ተነስታ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«በል... ቁም» አለችው።

ቆመ።

ዕጣ ከአንዲት እናት ላይ ልጇንም ባሏንም ወስዶ በምትኩ ሊያጽናናት የሚላከው ማን እንደሆነ ማን ሊገምት ይችላል? ባሏ እሁድ እሁድ ጎኗ ቆሞ ስለ ምን ይለምን እንደነበር ያን ቀን የገባት መሰላት፤ ለሁለታቸውም ይቅር የሚል ልብ ነበር። ወርክሾፑ ዛሬ ሌላ እግር ሠሪ አለው፤ ማሰሪያ የምትሰፋው ግን አሁንም እሷው ናት። የወገብ ልክ የተጻፈባትን ወረቀት በየሳምንቱ የሚያደርስላት ሹፌሩ ነው። በእግሩ ነው የሚመጣው፤ ሳያንኳኳ በእርምጃው ታውቀውና በሩን ትከፍትለታለች።