የሰባተኛዋ መርከብ በር

ደራሲው በሰባተኛዋ መርከብ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ፣ ከካፒቴኑ ወንበር ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። መርከቧ ከጣውላና ከቆርቆሮ ተሠርታ ብርማ ቀለም የተቀባች ናት። በቴሌቪዥን ከዋክብትን ስታቋርጥ ኖረች እንጂ ከዚያ ስቱዲዮ አንድ ስንዝር ንቅንቅ ብላ አታውቅም። ከወንበሩ በላይ፣ ሰባት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ መብራት የሚሰቀልበት ጠባብ የብረት መተላለፊያ አለ። የወደቀው ከዚያ ነው።

መርማሪዋ በማግስቱ ጠዋት ስትደርስ አስከሬኑ ተነስቷል። በሩ ላይ ቆም አለች። ልጅ ሳለች በየሳምንቱ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ በቴሌቪዥን ያየችው ክፍል ነው። አባቷ ከሞተ ቆይቷል፤ ክፍሉ ግን አቧራ ከመልበሱ በቀር እንዳለ አለ። አባቷ እዚያው ጥግ ላይ የተቀመጠ መሰላትና ፈራች። 

አለቃዋ በስልክ አጣደፋት። «ራሱን ነው ያጠፋው። ኪሱ ውስጥ መሰናበቻ ተገኝቷል። እስከ ቀትር ፋይሉን ዝጊው።»

መሰናበቻ የተባለው በታይፕ የተመታ አንድ ገጽ ነው።

«ካፒቴኑ ወደ በሩ ይሄዳል። ይስላል። በሩ ይከፈታል። የሰዓቱ ቤት እመቤት ወደ በሯ ትሄዳለች። ትስላለች። በሩ ይከፈታል። ሁለቱም ይወጣሉ። እኔም አብሬ ወጣሁ። አትፈልጉኝ።»

ሰባተኛዋ መርከብና የሰዓቱ ቤት ሁለት የተለያዩ ተከታታይ ድራማዎች ነበሩ፤ ሁለቱንም የጻፈው ሟቹ ነው። አንደኛው ጠፈር ላይ መንገድ የጠፋባት መርከብ ታሪክ ነው፤ ሌላው እያንዳንዱ ክፍሉ በተለያየ ዘመን ውስጥ የሚገኝ ቤት። ካፒቴኑ በሩን ከፍቶ የሰዓቱ ቤት ውስጥ ቢገባስ? ተመልካቾች በዚህ ጥያቄ ዓመታት ሙሉ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። ድራማዎቹ ከቆሙ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ደራሲው ሁለቱን በአንድ ታሪክ ሊያገናኛቸው ተነስቶ ነበር።

የግቢው ዘበኛ መዝገቡን አሳያት። ትናንት ከሰዓት በኋላ ስቱዲዮው ውስጥ ከሟቹ ሌላ አራት ሰዎች ነበሩ፤ እህቱ፣ ካፒቴኑንና እመቤቷን የተጫወቱት ሁለት ተዋናዮች፣ እንዲሁም የመርከቧን በር የሚከፍተው ሠራተኛ፣ በረኛው።

«ስቱዲዮው ጤነኛ አይደለም» አላት ዘበኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው በሌለበት በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። እኔ ገብቼ አላይም፤ የልጆች አባት ነኝ።»

እህትየው ጠባቧ የታይፕ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። ወንድሟ እየተንጎራደደ ይናገራል፣ እሷ ትመታለች፤ ዕድሜዋን የፈጀችው በዚህ ነው።

«ይህን ገጽ እርስዎ ነዎት የመቱት?»

«አይደለሁም። እሱም በአንድ ጣቱ መምታት ይችላል። ማሽኑ ደግሞ ለሁሉም ክፍት ነው።» ዓይኗ አብጧል። «ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ወንድሜ ጥሎኝ ሄደ ወይስ ወሰዱብኝ?»

«በጽሑፎቹ ውስጥ ሰው ሁሉ በር ላይ ሲደርስ ይስላል እንዴ?»

«ሳል? እኔ አንድም ቀን ሳል መትቼ አላውቅም።» ከዚያም ከጉያዋ የታሸገ ፖስታ አወጣች። «እውነተኛው መጨረሻ ይኸውልሽ። በሞተበት ቀን ጠዋት ነው ያስመታኝ። ለአንድ ሰው ስጦታ ነው፣ እስክነግረው ለማንም እንዳታሳዪ ብሎኝ ነበር።»

መርማሪዋ ግድግዳውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ስስ የኮምፖንሳቶ ጣውላ ነው፤ ድምፅ ያሳልፋል።

ካፒቴኑ ጡረታ ቢወጣም አረማመዱ አልወጣም። «ወንበሬን ሊቀማኝ ነበር እኮ!» አለ ገና ሳትጠይቀው። «በመጨረሻው ትዕይንት ለሌላ ሰው ይሰጣል አለኝ። ለማን ብለው ሳቀብኝ። ተጣላን፤ አልክድም።»

«ልጅ ሆኜ ሳልዎን እወደው ነበር።»

«ምልክት ነበር፣ ልጄ! በሩን ከኋላ በገመድ የሚስበው ሰው ነው። ካልሳልኩ ግንባሬን መገጨቴ ነው።»

«የሰዓቱ ቤት በርስ?»

«የእሷማ እጀታ ያለው ደህና የእንጨት በር ነበር። በሌላ ስቱዲዮ ነው የሚቀረጹት። ስቀናባት ነው የኖርኩት።»

እመቤቷም ኮስተር ብላ ይህንኑ አጸናች። «እዚያ ቤት ከሰዓቱ ምት በቀር ድምፅ ክልክል ነበር። አንዴ ብስል ኖሮ ዳይሬክተሩ ያባርረኝ ነበር። ድራማውን ያየ ሰው ሁሉ ያውቃል።»

በረኛው ከመርከቧ ግድግዳ ኋላ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ገመዱን ቅባት ይቀባል። በአንድ በኩሉ ወደ ብረቱ መተላለፊያ የሚያወጣ መሰላል ቆሟል፤ በሌላ በኩሉ የታይፕ ክፍሉ ኮምፖንሳቶ ነው።

«አሁንም ይስቡታል?» አለችው።

«በየቀኑ። ካልተሳበ ይደርቃል።»

«ድራማውንስ ይወዱት ነበር?»

«አይቼው አላውቅም። ሲቀረጽ እዚህ ነኝ፤ ቤቴ ደግሞ ቴሌቪዥን የለም። ግን ሁሉን እሰማለሁ።» እጁን ገታ አደረገ። «የሰዓቱ ቤትን በር ማን ይስበው እንደነበር ሁልጊዜ አስባለሁ። እሱም እንደኔ ብቻውን ይሆን?»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣችና ፖስታውን ከፍታ አነበበችው። 

አምስት ሰዓት ላይ አራቱንም መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ደራሲው ሳል ጽፎ አያውቅም» ብላ ጀመረች። «ሳሉ በጽሑፉ የሌለ፣ የተዋናዩና የገመድ ሳቢው ምልክት ነበር። ስለዚህ ይህን ገጽ የጻፈው እሱ አይደለም፤ መሰናበቻም አይደለም።»

«እኔ ነኝ እንዴ ታዲያ?» አለ ካፒቴኑ ተቆጥቶ።

«ራስዎን ቢያስሉ ይገባኛል። እመቤቷን ግን አያስሏትም፤ በሯ እጀታ እንዳለው ያውቃሉ። እሷም ራሷን አታስልም። እህትየው ሁለቱንም ድራማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መትታለች፤ ሳል እንደሌለባቸው ታውቃለች። በዓለም ላይ ያለ በር ሁሉ በሳል ይከፈታል ብሎ የሚያምን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ድራማ አይቶ የማያውቅ።»

ሁሉም ወደ በረኛው ዞሩ። እሱ መሬት መሬት ያያል።

«ምን ሰሙ?» አለችው በለሆሳስ።

«"ካፒቴኑ ገመዱን ይቆርጣል፤ ግድግዳው ይፈርሳል" ሲል ጠዋት በኮምፖንሳቶው በኩል ደራሲውን ሰማሁት። ከዚያ ታይፑ መንጫጫት ጀመረ፤ ሌላ አልሰማሁም። ከሰዓት በኋላ መጣና ገመዱ የታሰረበትን ሊያይ በመሰላሉ ወጣ። ተከትዬው ወጣሁ። "የሚቆረጠው ይሄ ነው?" ስለው "አዎ ይሄ ነው" ብሎ ሳቀ። ዕድሜዬን በሙሉ የያዝኩት ገመድ ነው። እሱ ሳቀ። ገፋሁት። ገጹን መትቼ ኪሱ ውስጥ የከተትኩትም እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ ከፖስታው ያወጣችውን ወረቀት ዘረጋች። ጮክ ብላም አነበበችው።

«ካፒቴኑ ገመዱን ይቆርጣል፤ ግድግዳው ይፈርሳል። የሰዓቱ ቤት ከወዲያ በኩል ይታያል። በመካከል አንድ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ካፒቴኑ እጁን ይዞ ያስነሳውና በራሱ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። "ይህን ሁሉ ዘመን ያሻገርከን አንተ ነህ፤ አሁን አንተ እይ" ይለዋል። ይህን ሰው በረኛው ራሱ ይጫወተዋል።»

 ካፒቴኑ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«አልተወኝም» አለች እህትየው። «ወንድሜ አልተወኝም።» ደጋግማ እያለችው አለቀሰች።

 ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ፖሊስ ክንዱን ሲይዘው በረኛው ተነሳና ወደ መርከቧ በር ተራመደ። ከፊት ለፊት በኩል ወደዚያ በር ሲቀርብ የመጀመሪያው ነው። ሊደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠራረገና ሳለ።

ሁሉም ጠበቁ። ከግድግዳው ኋላ ግን ማንም አልነበረም።