ደረቅ ነው በይኝ

«ወደዚህ አብሪልኝ እንጂ!»

«እያበራሁ ነው፣ አባዬ።»

የእጅ ባትሪው ከአባቷ አፍንጫ አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም። እሱ ግን ከዕቃ ማጠቢያው ማሽን ኋላ በደረቱ ተኝቶ፣ ካቻቢቴውን ብሎኑ ራስ ላይ ለማሳረፍ አየሩን ይወጋል። ሳተ። ደገመ። አሁንም ሳተ። ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች።

ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ማሽን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ድሮ ድምፁን ሰምቶ ብቻ ምን እንደነካው ይናገር ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ዓይኑ እየደከመ ሄደ፤ ሐኪሙም የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ ቁርጡን ነገረው። ከሁለት ወር በፊት አንድ ደንበኛ ቤት ሽቦ አሳስቶ አገናኘና ማሽኑ ተቃጠለ። የጥገና ቤቱ ኃላፊ «ለጊዜው ቤትህ እረፍ» አለው። ያ «ለጊዜው» እስከ ዛሬ አላለቀም።

ዛሬ ቅዳሜ እናቷ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል የወጥ ቤቱ ወለል በውሃ ተጥለቅልቆ አገኘችው። ያፈሰሰው የማሽኑ ቆሻሻ ውሃ መውጫ ቱቦ ነው። «ባለሙያ እንጥራ» ብትል አባቷ ቱግ አለ።

«ባለሙያ? እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ?»

እናቷ ከሄደች በኋላ ግን ልጁን ቀስ ብሎ፣ «ይህቺን ካስተካከልኩ ለኃላፊው እደውልና ሰኞ ሥራ እገባለሁ» አላት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ፈትቶ ሁለት ጊዜ አሰረ። ሁለቱንም ጊዜ አፈሰሰ። ይህ ሦስተኛው ነው።

«ፋሸታውን አቀብይኝ» አለ። ቱቦውን ከማሽኑ አፍ ጋር አንቆ የሚይዘውን የብረት ቀለበት ማለቱ ነው። አቀበለችው። ቀለበቱ ጠማማ ሆኖ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ትንሽ ያዘነበለ ይመስለኛል።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መሐንዲስ የሆንሽው?»

«ሙድ አትያዝብኝ፣ የምሬን ነው። እኔ ልሞክረው?»

«ተዪው አልኩሽ!» ጮኸባት። ወዲያው ድምፁ ወረደ። «ተዪልኝ፣ የኔ ልጅ። እጄ ያውቀዋል።»

ማሽኑን አስነሱት። ቆሻሻው ውሃ መውጣት ሲጀምር ቱቦው ተንቀጠቀጠ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። ከቀለበቱ ሥር አንድ ጠብታ አበጠና ወደቀ። ሌላ ተከተለው። ከዚያ ውሃው በቀጭኑ ይንቆረቆር ጀመር።

አባቷ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ሱሪውም እጁም ከጠዋት ጀምሮ እንደበሰበሰ ስለሆነ አዲሱን ውሃ ከአሮጌው መለየት አይችልም።

«እሺ? ደረቅ ነው?»

ፊቱን አየችው። ዓይኖቹ እሷን የሚፈልጓት እሷ በሌለችበት በኩል ነው። አንጀቷን በላው።

«ደረቅ ነው» አለች።

ሳቀ። በሁለት ወር ውስጥ እንዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ «ደውዪልኝ» አላት፤ ቁጥር ማየት ካቆመ ሰንብቷል። ማሽኑን በገዛ እጁ እንዳስተካከለ ለኃላፊው ነገረው። ኃላፊው ሲሰማ ቆየና በመጨረሻ፣ «እሺ፣ የአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሽቦው ተበላሽቷል። ሰኞ እሱን ትይዛለህ» አለ።

«ሰማሽ? የኤሌክትሪክ ሥራ ነው!» አላት ስልኩን ሲዘጋ። «ይሄ ለማንም አይሰጥም እኮ።»

ሰምታለች። ካልሲዋ ውሃውን ጠጥቶ እግሯ ቀዝቅዟል። ፎጣ አንጥፋ ዝም ማለት ትችላለች፤ እናቷ እስክትመለስ ገና ሦስት ሰዓት አለ። ግን ያ ብሎን ፍለጋ አየሩን ሲወጋ የነበረው እጅ ሰኞ ሽቦ ሲይዝ ታያት።

አጠገቡ ተንበረከከች። እጁን ይዛ ቀስ ብላ ወደ ማሽኑ ኋላ ወሰደችና ከቱቦው ሥር አሳረፈችው።

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም። ውሃው በጣቶቹ መሐል እየወረደ እንኳ ፊቱ ላይ ጥቂት ቆየ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያው።»

እጁን ከቱቦው ሥር አውጥቶ ሱሪው ላይ ጠረገ። «ደግመሽ ደውዪለት፤ እውነቱን እኔው ልንገረው» አለ። «ከዚያ ውጪና በሩን ዝጊልኝ።»

ደወለችለትና ስልኩን ጆሮው ላይ ያዘችለት። ስልኩ ሲጠራ አባቷ በእጁ ወደ በሩ አመለከታት። ልጅቷ ግን አልወጣችም። እርጥቡ ወለል ላይ ትከሻዋን ከትከሻው አስጠግታ ተቀመጠች።