ከጓንዡ ዱባይ

ዓብዱልሰላም መጀመሪያ የመጣው ለአጎቱ ለሐጂ ኸይሩ የአውሮፕላን ትኬት ሊቆርጥ ነበር። ቆርጦ ሄደ። በማግስቱ የሻንጣ ኪሎ ሊጠይቅ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ወዳለችው ቢሮ ተመለሰ። ደግሞ ሌላ ቀን፣ በበረራው ላይ ምግብ ይሰጥ እንደሆነ። ሐጂ በየዓመቱ የሚበሩ፣ ይህን ሁሉ አብጠርጥረው የሚያውቁ ነጋዴ መሆናቸውን ትኬት ቆራጯ ነስሪን የሰማችው ዘግይታ ነው። ያኔ ደግሞ እሷም በር በሩን ማየት ለምዳለች።

ፍቅራቸው ዓመት ሲሞላው ነስሪን ዱባይ ሥራ አገኘች፤ የሁለት ዓመት ውልም ፈረመች። አባቷ ጡረታ ወጥተዋል፣ ታናናሾቿ ገና ተማሪዎች ናቸው፤ እምቢ የሚባል ዕድል አልነበረም። ስትነግረው ዓብዱልሰላም «ቅሪ» አላላትም። እንዳይላት ትፈልግ ነበር፤ ሳይላት ሲቀር ግን ከፋት።

በሳምንቱ ፊቱ በርቶ እየሮጠ ገባ።

«አለቀ! እኔም መሄዴ ነው!»

«የት?»

«ጓንዡ! አጎቴ ዕቃ ገዢ አድርገው እዚያ ሊያስቀምጡኝ ነው። ስንት ለምኜ መሰለሽ!»

«ቻይና? ለምን?»

«እንዴ፣ እስያ አይደል? አንቺም እስያ፣ እኔም እስያ። ጁምዓ ጁምዓ ብቅ እያልኩ አይሽ የለ!»

ነስሪን ደስታውን ማፍረስ ጨነቃት። ግን ሄዶ ከሚያውቀው ከእሷ አፍ ይስማው ብላ ጨከነች።

«ዓብዱዬ፣ ከጓንዡ ዱባይ በቀጥታ በረራ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ወደ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር።»

«ስምንት? ከዚህስ?»

«አራት።»

ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «ልከተልሽ ብዬ ልርቅሽ ነዋ!»

ሳቀች፤ እንባዋም መጣ። ለእሷ ሲል አገር ሊለቅ የነበረ ሰው ነው፤ እንዲህ ወዳው አታውቅም።

«በቃ፣ ቀርቻለሁ በላቸው።»

«በምን አፌ? ጁምዓ ለጉዞዬ ዱዓ ሽማግሌ ጠርተዋል፣ በግ ተገዝቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።» አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ጁምዓ ቀኑን ሙሉ ስልኩን አላነሳም። ነስሪን ሊሄድ ነው ብላ ቆረጠች።

አስር ሰዓት ላይ የቤታቸው በር ተንኳኳ። እናቷ መይሙና ሲከፍቱ ሐጂ ኸይሩ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው ቆመዋል። ዓብዱልሰላም ከኋላ አቀርቅሯል።

«ልንሸኘው ተሰብስበን አልሄድም አይለን መሰላችሁ!» አሉ ሐጂ ከአባቷ ፊት ለፊት ከተቀመጡ በኋላ፣ እየተቆጡም እየሳቁም። «ምክንያቱን ጠየቅነው፤ ልጅዎ ሆና ተገኘች። የተሰበሰበ ሽማግሌ ባዶውን አይበተንም ብለን መጣን። ልጅዎን ለልጃችን።»

ነስሪን ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆና ታዳምጣለች።

«ልጄ ውል ፈርማለች፤ ከኒካሁም በኋላ ሄዳ ትሠራለች» አሉ አባቷ። «አንተ ምን ልትሆን ነው?»

ዓብዱልሰላም ቀና አለ።

«እዚሁ ሆኜ እጠብቃታለሁ አባባ። ቅርብ ነው።»

አባቷ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ።