ይሉኝታ የያዘው ኮምፒውተር

የአቶ ወንዳፍራሽ ሥራ መሳሳት ነበር። ከደመና በላይ የተንጠለጠለችውን የጸዳል ከተማን ትራፊክ የሚመራው ኮምፒውተር፣ ደልዳይ፣ ራሱ ተሳስቶ ስለማያውቅ የሰውን ስህተት የሚማረው በየጠዋቱ ከእሳቸው ጋር ቼዝ እየተጫወተ ነው። እሳቸውም ሥራውን ይወዱታል፤ በሰባ ዓመቱ በስህተቱ የሚከበር ሌላ ሰው ከየት ይገኛል?

ዋናው ስህተታቸው ይሉኝታ ነው። የደልዳይን ንግሥት መብላት ሲችሉ፣ ተቀብሎ ያጫወተኝን እንዴት ብዬ እያሉ ያልፉታል።

ማክሰኞ ዕለት ከተማዋ ቀጥ አለች። የአየር ጋሪዎች፣ ማለትም ሾፌር የሌላቸው በራሪ ታክሲዎች፣ በየመስቀለኛው መንገድ ፊት ለፊት ቆመው «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በጭራሽ፣ እርስዎ» ይባባላሉ። አንዳቸውም ንቅንቅ አይሉም። ውስጥ ያሉት ተሳፋሪዎች ግን ይሰዳደባሉ።

ደልዳይ የሚማርበት ቤተ ሙከራ ኃላፊ ኢንጂነር ትርሲት አቶ ወንዳፍራሽን አስጠራቻቸው። ደልዳይ ይሉኝታቸውን ስህተት ሳይሆን ሕግ ነው ብሎ ይዞታል፤ እስከ ቀትር ካልታረመ የአሥር ዓመት ትምህርቱ ይሰረዛል፣ እሳቸውም ይሰናበታሉ።

«ዛሬ ንግሥቱን ይብሉበት፣ ጋሼ» አለቻቸው። «እርስዎ ሲታረሙ ካላየ አይታረምም።»

ሰሌዳው ፊት ተቀመጡ። ደልዳይ ብሶበታል። ንግሥቱን ራሱ አምጥቶ አፍንጫቸው ሥር አቆመና «በሞቴ» አለ። አቶ ወንዳፍራሽ እንደ ልማዳቸው አልፈውት የራሳቸውን ንግሥት አቀረቡለት፤ እሱም አልነካም። ሁለቱ ንግሥቶች የሚበላቸው አጥተው ተፋጠው ቀሩ።

አቶ ወንዳፍራሽ መስቀለኛውን መንገድ ሰሌዳው ላይ አዩት። ዕድሜ ልካቸውን ጨዋነት ሲሉት የኖሩት ነገር ሌላውንም መንገድ ላይ እንደሚያስቀር ገባቸው። አፈሩ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቃቸው መጣ።

«ይቅርታ፣ ደልዳይ» አሉና ንግሥቱን በሉበት።

ጋሪዎቹ ተነቃነቁ። ተራው የደረሰው ሁሉ «ይቅርታ» እያለ ያልፍ ጀመር። ትርሲት ይህንንም ቃል ልትሰርዘው ስትል ዓይኗ መንገዱን በሚያሳየው ስክሪን ላይ አረፈ። ቅድም ሲሰዳደቡ የነበሩት ተሳፋሪዎች መስኮት እየከፈቱ «ችግር የለም፣ ችግር የለም» ይባባላሉ።

እጇን ሰበሰበች። «ጋሼ፣ ይሄን የት ልመዝግበው? ስህተት ነው ወይስ እርማት?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ ወታደሮቻቸውን ለነገ እየደረደሩ። «ነገ ተሳስተን እናየዋለን።»