አምስተኛውን ማን ዘለለው

መርማሪዋ የሆስፒታሉን ሦስተኛ ክፍል በር ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ ከአስከሬኑ በፊት ያየችው ጥፊ ነበር። የሟቹ ልጅ ነርሷን በጥፊ አጮለቻትና «አባቴን ከዝርዝር ሰርዘሽ ገደልሽብኝ!» ብላ ጮኸች።

ነርሷ ጉንጯን እንኳ አልዳበሰችም። «ስማቸውን ነክቼ ከሆነ ይቺ እጄ ትቆረጥ» አለች አንገቷን አቅንታ።

ሟቹ አዛውንት ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ነበሩ። ሳንባቸው ውሃ ይዞ ስለተኙ፣ ነርሷ ሐኪም ቶሎ እንዲያያቸው በኮምፒውተሩ ላይ ቀይ ምልክት አድርጋላቸው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተረኛነቷን ጨርሳ ወጣች። በዚያው ሰዓት ፕሮግራሙ የበሽተኞቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ያልፋል፤ የተሰናበቱትን ያወጣል፣ የቀሩትን ለቀን ሐኪሙ ይልካል። ለሐኪሙ በተላከው ላይ የቀያሹ ስም የለም። ልጃቸው ምሳ ይዛ ስትመጣ ቀዝቅዘው አገኘቻቸው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰማችውን ሁሉ ሳትነፋ አታሳልፍም። ድምፅዋ ዝቅ ባለ ቁጥር ንዴቷ ከፍ እንደሚልም ያውቃሉ። ያን ቀን ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ አድርጋ ነበር የምትናገረው። የራሷም እናት በአንድ ወቅት ወረፋ ላይ ተረስተው ነበርና።

በመጀመሪያ የሄደችው የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች ወደሚጠብቁት ሽማግሌ ነው።

«እኔ ሽቦና ስክሪን እንጂ ፕሮግራሙን አልነካም፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «መዝገቡ ግን ይኸው። ‹ተራ ቁጥር አራት፣ ቀያሹ፣ በነርሷ ተሰረዘ፣ አንድ ሰዓት ከሃምሳ› ይላል።»

«ከሱ በላይ ያለውን ያንብቡልኝ፣ ጋሼ።»

«‹ተራ ቁጥር አራት፣ ሾፌሩ፣ ይሰናበት፣ አንድ ሰዓት ከአርባ።›»

«ሾፌሩ ከዝርዝሩ መቼ ወጣ?»

«ሁለት ሰዓት ላይ ነዋ። እስከዚያ ቦታውን እንደያዘ ነው።»

መርማሪዋ ሁለቱን መስመሮች ደጋግማ አየቻቸው። ማስታወሻዋ ላይ ገልብጣ ዘጋችው።

ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ሁለት ክፍል ብቻ ያለው ጠባብ ቢሮ ነው። ኃላፊው «ኢንጂነር» ካልተባለ ዞር ብሎ የማያይ ሰው ነበር።

«ኢንጂነር፣ ከዝርዝሩ አንድ ሰው እንዴት ይጎድላል?»

«ነርሷን ይጠይቋት! የኛ ሥራ ንጹሕ ነው። ሦስተኛው ቨርዥን ላይ ነን፤ ወደ አራተኛው አልተሻገርንም።»

«አመሰግናለሁ» አለች መርማሪዋ በለሆሳስ።

ፕሮግራመሯን ብቻዋን አነጋገረቻት። ልጅቷ ዓይኗ ቀልቷል፤ ከለቅሶ ይልቅ ግን ንዴት ነው ያቀላው።

«ቨርዥን ምንድን ነው?»

«እትም ማለት ነው። ሁሉን ነገር ራሳችን አንጽፍም። ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡትን ኮድ እንዋሳለን፤ ላይብረሪ እንለዋለን። ዝርዝሩን የሚያጸዳልን አንድ ላይብረሪ አለ። አራተኛው እትሙ ሲወጣ፣ ይፈጥናል ብሎ አለቃዬ እንቀይረው አለኝ። ለሙከራ ሁለት ቀን ስጠኝ አልኩት። ተቆጣ። በኋላ ግን ‹ተይው› አለኝ።»

«ፕሮግራሙ የሚሠራበት ዋና ኮምፒውተር ላይ ያሉትን ላይብረሪዎች አንድ በአንድ ጥሪልኝ።»

ልጅቷ እየጠራች ወርዳ ድንገት አንዷ ላይ ቆመች። «ይቺ... ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች? ትንሽ ላይብረሪ ናት፤ ሦስተኛው እትም አያውቃትም። አራተኛው ሲገባ ነው አስከትሏት የሚመጣው።»

«አራተኛው ቢወጣስ?»

«ሰው ሥራዬ ብሎ ካላጸዳት ትቀራለች።» የገባችበትን ቀን ከፍታ አየች። «የገባችው ሟቹ ከመሞታቸው በፊት በነበረው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ... በእኔ ስም! ወላሂ አላስገባሁም! ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ ነበርኩ፤ ስልኬን በር ላይ ተቀብለውኛል።»

«የመግቢያ ቃልሽን ማን ያውቃል?»

ፕሮግራመሯ ወደ ኃላፊው ክፍል አየችና መልሳ አቀረቀረች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መርማሪዋ ሁሉንም በሆስፒታሉ ስብሰባ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ፈተና ተቆጣጣሪውን በስልክ አነጋግራ ፕሮግራመሯ ፈተናው ላይ መፈረሟን አረጋግጣለች። ስድስት ወንበር በአንድ መስመር ደርድራ፣ የፊተኞቹን ሦስት ባዶ ትታ፣ አራተኛው ላይ ሽማግሌውን፣ አምስተኛው ላይ ነርሷን፣ ስድስተኛው ላይ የሟቹን ልጅ አስቀመጠች። የሟቹ ልጅ ከነርሷ አጠገብ መቀመጧ ቢያንገሸግሻትም ተቀመጠች። ኃላፊው ግን ከፕሮግራመሯ አጠገብ ክንዱን አጣምሮ ቆመ።

«እኔ ፕሮግራሙ ነኝ» አለች መርማሪዋ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራተኛው ሾፌሩ ነው፤ ተሰናብቷል፤ ይውጣ። ጋሼ፣ ይነሡልኝ። አሁን ክፍተት መተው ስለሌለ፣ ከበታች ያላችሁ አንድ አንድ ወንበር ወደፊት ተጠጉ።»

ተጠጉ። ነርሷ አራተኛው ወንበር ላይ፣ የሟቹ ልጅ አምስተኛው ላይ ሆኑ።

«አራትን ጨርሻለሁ፤ ቀጥሎ አምስት።» መርማሪዋ ነርሷን አልፋ በልጅቷ ራስ ላይ እጇን አሳረፈች። «ነርሷን አየኋት? አላየኋትም። እሷ የተቀመጠችበት ቦታ የአባትሽ ነው። ማንም አልሰረዛቸውም፤ ተዘለሉ፤ ለሐኪሙም ሳይላኩ ቀሩ። ፕሮግራመሯ እንዳሳየችኝ፣ የድሮው ላይብረሪ ዝርዝሩን ገልብጦ፣ ከግልባጩ ላይ ነበር የሚቆጥረው። አዲሱ ለመፍጠን ብሎ ከዋናው ላይ ራሱ እያወጣ ይቆጥራል።»

«ተረት ነው!» አለ ኃላፊው። «መዝገቡ በነርሷ ተሰረዘ ይላል!»

«ወደዚያው ልመጣ ነው። በመዝገቡ ሾፌሩ አራተኛ፣ ቀያሹም አራተኛ ናቸው። ሁለት ሰው አንድ ወንበር ላይ? የነርሷ ስክሪን ከአንድ ስለሚጀምር ቀያሹ አምስተኛ ናቸው፤ እሷ ብትሰርዝ ኖሮ አምስት ይል ነበር። አምስተኛውን ሰው አራት ብሎ የሚጠራ ማነው?»

«ከዜሮ የሚቆጥር» አለች ፕሮግራመሯ ድምፅዋ እየሻከረ። «እኛ ነን። ኮድ ስንጽፍ የመጀመሪያው ዜሮ ነው።»

«ስለዚህ ሐሰተኛውን መስመር በችኮላ የጻፈው ነርሷም አይደለችም፣ ጋሼም አይደሉም። ሁለታችሁ ቀራችሁ። አንዷ፣ አራተኛው በስሟ ሲገባ ፈተና አዳራሽ ነበረች። ሌላው ግን፣ እኔ ስለ ቨርዥን ትንፍሽ ሳልል ‹ወደ አራተኛው አልተሻገርንም› አለኝ። ተሻግረው ነበር፣ ኢንጂነር። ሰውዬው ሲሞቱ በጥድፊያ ወደ ሦስተኛው መለሱት። አራተኛው አስከትሏት የመጣችውን ትንሿን ግን ረሷት።»

የኃላፊው ፊት በቁጣ ቀላ። «ሆስፒታሉን ሊያዩ የሚመጡት እንግዶች ሳይደርሱ ይፍጠን ያላችሁኝ እናንተ የሆስፒታሉ ሰዎች ናችሁ! ላይብረሪ ማደስ ወንጀል ነው? በየቀኑ ይታደሳል!»

«ማደሱን ለዳኛ ይንገሩ። ያልሞከሩትን በሰው ስም አስገብተው፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ጥፋቱን በዚች ሴት ላይ ጻፉ። ፕሮግራመሯ ለሙከራ ሁለት ቀን ለምናዎት ነበር። ሁለት ቀን!» ከዚያ በፊት ማንም መርማሪዋ ስትጮህ ሰምቶ አያውቅም።

የሟቹ ልጅ ወንበሯን ገፍትራ ተወረወረች። ሁለት ፖሊሶች መሃል ገብተው ኃላፊውን ይዘው ወጡ፤ እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ «ማን እንደሆንኩ አታውቁም!» እያለ ነበር።

የሟቹ ልጅ ወደ ነርሷ ዞረች። «እህቴ... እግርሽ ላይ ልውደቅ፤ ይቅር በይኝ።»

«ተነሽ። ዛሬ አልችልም» አለች ነርሷ። «ሰው ሁሉ እያየ ነፍሰ ገዳይ አድርገሽኛል። አንድም ሰው ‹አታደርገውም› አላለልኝም። ንዴቴ ሲበርድ እፈልግሻለሁ።»

ነጭ ካፖርቷን ቆልፋ ወጣች። ፕሮግራሙ ስለተዘጋ ዝርዝሩን በወረቀት ላይ ገልብጣው ነበር። መርማሪዋ ከኮሪደሩ ሆና፣ ነርሷ በየአልጋው እየቆመች የእያንዳንዱን ስም ስትጠራ ሰማቻት፤ መልስ ሳትሰማም ወደሚቀጥለው አታልፍም ነበር።